ኮምቦው የት ላይ እንደተበጠሰ የሚያውቅ ልጅ ሰነፍ አይደለም

በየሁለት ወሩ አንድ ዓይነት ፎቶ ፌስቡክ ላይ ይዞራል። ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ጌም ቤት ውስጥ ጆይስቲክ ጨብጠው ስክሪኑ ላይ አፍጥጠዋል። ከሥሩ ያለው ኮሜንት ያው ነው። «ትውልዱ አለቀለት»፣ «ወላጅ የት ነው ያለው?»፣ «ነገ ሀገር የሚረከቡት እነዚህ ናቸው?» በዚህ ሳምንትም ዞረ። ብዙዎቻችሁ «ቲቸር፣ እስቲ አንተ ንገራቸው» እያላችሁ ታግ አደረጋችሁኝ።

እሺ፣ ልንገር። ግን የምነግረው ለልጆቹ ብቻ አይደለም፤ ለእናንተም ነው።

ኋላ ኮሜንት ላይ እንዳንነታረክ አንድ ነገር አስቀድሜ ላስቀምጥ። ከክላስ ፎርፎ ጌም ቤት የሚቀመጥ ተማሪ ፎርፏል፤ እሱን አልከላከልም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ከትምህርት ሰዓት ውጪ፣ አንድ ከባድ ኮምቦ ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲወድቅ ሲነሳ የሚቆይን ልጅ በምን ሂሳብ ነው «ሰነፍ» የምንለው? ሰነፍ ሰው'ኮ ሁለቴ ሞክሮ ይተዋል። ይኼ ልጅ መቶ ጊዜ ሞክሯል!

አቋሜን በአጭሩ ልናገር። የድብድብ ጌም ውስጥ ያለችው የኮምቦ ልምምድ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ውስጥ የማያገኘውን አንድ ነገር ትሰጠዋለች። የት ላይ እንደተሳሳተ ትነግረዋለች፣ ከዚያ ወዲያው እንደገና ያስሞክረዋል። እኛ አስተማሪዎችና ወላጆች በልጁ ከማፈራችን በፊት፣ እኛ ይኼን ለምን እንደማንሰጠው ብንጠያየቅ ይሻላል።

ጌም የማታውቁ ስላላችሁ ነገሩን ላስረዳ። ቴከን፣ ስትሪት ፋይተር፣ ሞርታል ኮምባት የሚባሉት ጌሞች ሁለት ሰው ፊት ለፊት የሚደባደብባቸው ናቸው። ኮምቦ ማለት የመጀመሪያው ምት ካረፈ በኋላ ተጋጣሚው መከላከል ሳይችል በተከታታይ የሚያርፉ ምቶች ናቸው። ቴከን ላይ ለምሳሌ መጀመሪያ ሰውየውን ወደ ላይ የምታነሳው ምት አለ። ከዚያ አየር ላይ እያለ ሦስት አራት ምት ትጨምርለታለህ፣ ወደ መሬት ሊወርድ ሲል እንደገና ታሽከረክረዋለህ፣ በመጨረሻ ከግድግዳ ጋር ታላትመዋለህ። መሀል ላይ አንዷ ምት ከዘገየች ሰውየው ይወርዳል፣ ይነሳል፣ ይመታሃል። ልጆቹ «ተበጠሰ» የሚሉት ይኼንን ነው።

«መዘግየት» ስል የምናውቀውን መዘግየት እንዳታስቡ። እነዚህ ጌሞች በሰከንድ 60 ምስል ነው የሚያሳዩት፤ አንዷ ምስል ፍሬም ትባላለች። ቴከን ላይ እነ ሄይሃቺና ጂን የሚመቱት «ኤሌክትሪክ» የሚባል ቡጢ አለ። ወደ ፊት ነክተህ ትለቃለህ፣ ወደ ታች ትነካለህ፣ ከዚያ ወደ ታችና ወደ ፊት በሰያፍ የምትነካበትና የቀኝ ቡጢውን ቁልፍ የምትጫንበት ቅጽበት አንድ ፍሬም ላይ መዋል አለበት። የሰከንድ አንድ ስልሳኛ ማለት ነው! ካገኘኸው ሰማያዊ መብረቅ ይወጣል። ካላገኘኸው ተራ ቡጢ ይሆናል። መብረቁ ወጣ ወይ አልወጣም፤ ለማንም አያዳላም። የባለሥልጣን ልጅ ብትሆንም የጀበና ቡና ሻጭ ልጅ ብትሆንም ያው ነው።

የሚገርመው ኮምቦ መጀመሪያ ታቅዶ የመጣ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ስትሪት ፋይተር 2 ሲሠራ ሠሪዎቹ ምቶች እንዲህ ይያያዛሉ ብለው አላሰቡም ነበር። ጌሙን ሲፈትሹ ነው ሰዓቱን ለጠበቀ ሰው አንዱ ምት በሌላው ላይ እንደሚቀጠል ያዩት። ለማንም የሚሆን አይደለም፣ በጣም ከባድ ነው ብለው ዝም ብለው ተዉት። ተጫዋቹ ግን አልተወውም። ዓመታት አለፉና ጌም ሠሪዎቹ ራሳቸው ማስተማር ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 ለቤት የወጣው ስትሪት ፋይተር 4 ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ እየከበደ የሚሄድ «ትሪያል» የሚባል የልምምድ ዝርዝር ይዞ መጣ። በ2024 የወጣው ቴከን 8ም «ኮምቦ ቻሌንጅ» የሚባል አለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ልምምዱ እንዴት ነው የሚያስተምረው?

መጀመሪያ የሚፈለገው ነገር ስክሪኑ ላይ ተጽፎ ይታያል፤ ምንም የተደበቀ የለም። ካልገባህ ጌሙ ራሱ ሠርቶ ያሳይሃል። ከዚያ አንተ ትሞክራለህ። የነካኸው ቁልፍ ሁሉ በተራ ስክሪኑ ጎን ላይ ይጻፍልሃል። ስምንት ምት ካለው ኮምቦ አምስተኛው ላይ ከተበጠሰ፣ አራቱ ትክክል እንደነበሩና አምስተኛው ላይ እንደወደቅክ በዓይንህ ታያለህ። አንድ ቁልፍ ስትነካ ደግሞ ሁሉም ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፣ እንደገና ትሞክራለህ። የሚሰድብህ የለም። «አንተማ ድሮም አይገባህም» የሚልህ የለም። ወላጅ አምጣ የለም።

ይኼን ከኛ ጋር አስተያዩት። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ 3.3 ከመቶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ሆነ። ከመቶ ልጅ ዘጠና አምስት ዘጠና ስድስቱ ወደቀ ማለት ነው። ኩረጃ መቆሙ ጥሩ ነው፣ ለዚያ አልከራከርም። ግን ለወደቀው ልጅ የተሰጠው መልስ ምን ነበር? ቁጥር። ሒሳብ 28፣ ፊዚክስ 31። የት ላይ ነው የተበጠሰው? ዘጠነኛ ክፍል ያልገባው አልጀብራ ላይ ነው? ጥያቄውን ያነበበበት እንግሊዝኛ ላይ ነው? ወይስ ሰዓት አልበቃውም? ቁጥሩ ይኼን አይነግረውም። አሥራ ሁለት ዓመት የፈጀ ኮምቦ ሠርቶ መጨረሻ ላይ «ወድቀሃል» ብቻ ተባለ።

ደግሞ ጣት ወደ ላይ ብቻ እየቀሰርኩ አይደለም። እኛ በየክፍላችን የምናደርገውም ከዚህ የራቀ አይደለም። ስልሳ ተማሪ ይፈተናል፣ ወረቀቱ ሦስት ሳምንት ይከርማል፣ ሲመለስ ላዩ ላይ ቀይ ቁጥር አለው። ልጁ ቁጥሩን አይቶ አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ ይከተዋል። ክፍሉ ወደ ሌላ ምዕራፍ ሄዷል፤ መመለሻ የለም። አስተማሪው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ስልሳ ወረቀት፣ አምስት ክፍል፣ ይኼ ደመወዝ፤ የምታውቁት ነው። ግን ምክንያት አለን ማለት ልጁ ተማረ ማለት አይደለም። በነጻ እንኳ ልንሰጠው የምንችለውን «እዚህ ጋ ነው የሳትከው፣ ድገመው» የሚለውን ነገር ጌም ቤት ሄዶ ከፍሎ ነው የሚያገኘው።

አንዳንዶቻችሁ «ጌምን ከትምህርት ጋር ታወዳድራለህ?» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ አወዳድራለሁ። አዲስ ነገርን ሳይገባን መራገም ለኛ ከተማ አዲስ አይደለም። ሲኒማ መጀመሪያ አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ ቤቱን ምን ነበር ያለው? «የሰይጣን ቤት»! በኋላ እዚሁ ፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ አምፒር በር ላይ ለትኬት የተሰለፉት የነዚያው ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ዛሬ ስለ ድሮ ሲኒማ ስናወራ ትዝታ ነው፤ ማንም ሰይጣን አይለውም።

እሱም ይቅር። የቅዱስ ያሬድን ታሪክ የማያውቅ አለ? ትምህርት አልገባ ብሎት፣ ከአጎቱ ከአባ ጌዴዎን ዘንድ ተማሮ ወጥቶ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ትሏን አያት። ትወጣለች፣ ትወድቃለች፤ ትወጣለች፣ ትወድቃለች፤ በመጨረሻ ወጣች። እሱም ተመልሶ ተማረ። ይኼን ታሪክ የትምህርት መክፈቻ ቀን በማይክራፎን የማይናገር አስተማሪ የለም። ከዚያ ልጁ ክፍል ገብቶ አንዴ ሲወድቅ ማርኩን መዝግበን እናልፋለን። ትሏን እናደንቃለን፣ እንደ ትሏ የሚሆነውን ልጅ ግን «ሱሰኛ» እንላለን። እንዴት ነው ነገሩ?

የድሮ ጨዋታዎቻችንስ? ሰኞ ማክሰኞ የተጫወታችሁ እህቶቼ ታስታውሳላችሁ። መስመር ከረገጥሽ ተቃጠልሽ፣ ተራሽን ለሌላ ትሰጫለሽ፣ ተራሽ ሲመለስ ግን ከተቃጠልሽበት ነው የምትቀጥዪው። ጠጠር ቅልብልቦሽም እንደዚያው፤ አንዷን ሳትቀልብ ሁለቷን መቅለብ የለም። ደረጃ በደረጃ፣ ስህተቱ ለሁሉም እየታየ፣ ድገም እየተባለ። ጌሙ ይኼንን ነው በቴሌቪዥን ያመጣው። መቀመጫው የፕላስቲክ ወንበር ስለሆነ ብቻ ምን አስደነገጠን?

አሁን ደግሞ ወደናንተ፣ ወደ ተጫዋቾቹ ልዙር። ስላሞገስኳችሁ ደስ ብሏችሁ «ቲቸር አንደኛ» ብላችሁ እንዳታልፉ፤ ለናንተም አለኝ።

የኛ ሰፈር ሰው በአራድነቱ ይኮራል። «አራዳ» የሚለው ቃል የሰፈር ስም ሆኖ ሳለ ነቄ፣ ጮሌ፣ መንገዱን የሚያውቅ ማለት ሆኗል። ጥሩ ነው። ግን አራድነት ስንል አቋራጭ ማለት ብቻ እየሆነ መጣ። ጌም ቤት ውስጥ ይኼ በደንብ ይታያል። ቴከን 3ን የምታውቁ ኤዲን ታስታውሱታላችሁ፤ ካፖዌራ የሚጫወተውን። ሁለቱን የእርግጫ ቁልፎች ዝም ብለህ ስትደበድብ እየተንከባለለ፣ እየተገለባበጠ ያምር ነበር። የመጀመሪያ ቀን የመጣ ልጅ በኤዲ ሦስት ሰው ያሸንፋል፣ «በላኋችሁ» ብሎ ይፎክራል። በሳምንቱ የኤዲን ምት ዝቅ ብሎ መከላከል የተማረ አንድ ዝምተኛ ልጅ ይመጣና ጆይስቲኩን ያስጥለዋል።

ቁልፍ መደብደብ ማለት የኮሮጆ ኤክሳም ፈልጎ መልስ መሸምደድ ነው። ሲያልፍልህ ለምን እንዳለፈልህ አታውቅም፤ ስትወድቅም ለምን እንደወደቅክ አታውቅም። የኮምቦ ልምምድ ላይ አራድነት አይሠራም። ስምንቱንም ምት ካልመታህ አያልፍህም፤ የሚደወልለት ሰው የለም፣ ዘመድ የለም፣ «ሻይ» የለም። እኔ ይኼን ነው የምወድለት።

እንግዲህ ከባድ ኮምቦ እንዴት እንደሚገራ የሚያውቁ ልጆች የሚያደርጉትን ልንገራችሁ። ለጌምም ለሒሳብም ይሠራል፤ ቀድሞ ተማሪዎቼ የሆናችሁ ግማሹን ከኔ ጥቁር ሰሌዳ ታውቁታላችሁ።

አንደኛ፣ ሙሉውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አትሞክር። ቆራርጠው። ስምንት ምት ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ብቻ ሥራ፣ እጅህ ሲለምድ አራተኛውን ጨምር። ሁልጊዜ ከመጀመሪያ ጀምረህ ስድስተኛው ላይ የምትወድቅ ከሆነ፣ አንደኛውን መቶ ጊዜ ተለማምደሃል፣ ስድስተኛውን ግን አሥር ጊዜ እንኳ አልነካኸውም። ከመጽሐፍ ሁልጊዜ ምዕራፍ 1ን የሚያነብ ተማሪ እንደዚያ ነው፤ ምዕራፍ 1 ይነጣል፣ ምዕራፍ 7 እንደታሸገ ይኖራል።

ሁለተኛ፣ ዓይንህን ሳይሆን ጆሮህን ተጠቀም። የሰከንድን አንድ ስልሳኛ በዓይን አይቶ መልስ መስጠት የሚችል ሰው የለም። ኮምቦ ምት አለው፤ እንደ እስክስታ፣ እንደ ከበሮ። «ታ፣ ታ... ታታ፣ ታ» ብለህ በአፍህ ማለት ከቻልክ እጅህ ይከተላል።

ሦስተኛ፣ ፈጥነህ አትጫን። ብዙው ኮምቦ የሚበጠሰው ስለዘገየህ ሳይሆን ስለቸኮልክ ነው። ከተናደድክ በኋላ የምታደርገው ሃያ ሙከራ ስህተቱን ነው የሚያስለምድህ። ተነስ፣ ውኃ ጠጣ፣ ነገ ና። ማታ አልሆን ያለው ጠዋት ይሆናል፤ ጣትም እንቅልፍ ይፈልጋል።

አራተኛ፣ ከግራም ከቀኝም ቆመህ ሥራው። ባሕርይህ ግራ በኩል ሲቆም የምትችለውን ቀኝ በኩል ሲሆን ካቃተህ ገና አልቻልከውም፤ የለመድከው አንዱን አቅጣጫ ብቻ ነው።

አምስተኛው ከሁሉም ይበልጣል፤ የኮምቦ ልምምድ ውጊያ አይደለም። ልምምዱ ላይ ያለው ተጋጣሚ ቆሞ የሚመታ አሻንጉሊት ነው። ሁሉንም ቻሌንጅ ጨርሶ እውነተኛ ሰው ፊት ሲቀመጥ አንዷን ኮምቦ ማስጀመር የሚያቅተው ልጅ ሞልቷል። ሰው ይንቀሳቀሳል፣ ያታልላል፣ ይጠብቅሃል። ይኼንን የኔታ ድሮ አውቀውታል። ፊደል ስንቆጥር መጀመሪያ ሀ ሁ ሂ ብለን በዜማ እንወርደዋለን። ልጁ ግን ዜማውን ይሁን ፊደሉን ያወቀው አይታወቅም። ስለዚህ አቡጊዳ መጣ፤ ተራው ተበታትኖ፣ ከዚህም ከዚያም እየተነካ። በተራ የሚያውቀውን ሳይሆን ሲበታተንበት የሚያውቀውን ነው አወቀ የሚባለው። እናንተም ሀሁ ላይ አትቁሙ። ኮምቦውን ከጨረስክ ሰው ፊት ሞክረው፣ ሲበጠስ ተመልሰህ ልምምድ ግባ።

«ይኼ ሁሉ ሆኖ የት ይደርሳል?» ለምትሉ ሁለት ታሪክ ልጨምር።

ኢቮ የሚባል ትልቅ የድብድብ ጌም ውድድር አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 እዚያ ጃፓናዊው ዳይጎ ኡሜሃራና አሜሪካዊው ጀስቲን ዎንግ በስትሪት ፋይተር 3 ተጋጠሙ። የዳይጎ ሕይወት ልትወጣ ጭላንጭል ቀርቷታል፤ በተራ መከላከያ እንኳ ቢከላከል ይሞታል። ዎንግ 15 ተከታታይ ምት ያለውን ትልቁን ጥቃት ለቀቀበት። ዳይጎ አሥራ አምስቱንም አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱን በራሱ ሰዓት አመከነና በራሱ ኮምቦ ዙሩን አሸነፈ። አዳራሹ አበደ፤ ቪዲዮው ዛሬም ይታያል። ለኔ ግን ከዚያ በላይ የገረመኝ በኋላ የሆነው ነው። ጌሙ በ2011 እንደገና ሲወጣ ያንን ቅጽበት ማንም ሊለማመደው የሚችል ቻሌንጅ አድርገው አስገቡት። ተአምር የመሰለውን ነገር ወደ ልምምድ ቀየሩት። ማስተማር ማለት ይኼ አይደለም እንዴ?

ሁለተኛው አርስላን አሽ ነው፤ የላሆር ልጅ፣ ፓኪስታናዊ። ፓስፖርቱ ከኛ ብዙም የማይሻል ማለት ነው። ቴከን የጃፓንና የኮሪያ ርስት ነው ይባል በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2019 በቪዛ ጣጣ ተንገላቶ ጃፓን ደረሰና የኢቮ ጃፓንን ዋንጫ ወሰደ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላስ ቬጋስ ላይ ኒ የሚባለውን የኮሪያ ኮከብ በፍጻሜ አሸንፎ ደገመው። ኒ ምን አደረገ? አልተሳደበም፤ ተነስቶ ፓኪስታን ሄዶ ከነሱ ጋር ተለማመደ። የዓለም ታላቅ ተጫዋች የት ላይ እንደተበጠሰበት ሊጠይቅ ላሆር ድረስ ሄደ።

እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ልጅ የለም? አለ ብዬ አምናለሁ። የሚለማመድበት ግን የለውም። ጌም ቤት የሚሠራው በጨዋታ ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል። ወረፋ አለ፣ ከኋላህ አምስት ልጅ ቆሟል። እዚያ ቁጭ ብለህ አንድ ኮምቦ መቶ ጊዜ ልሞክር ብትል «ተነሳ ባክህ!» ነው። ስለዚህ ስህተት ያስከፍላል፤ ስህተት የሚያስከፍልበት ቦታ ደግሞ ድሃ ልጅ የሚያውቀውን ብቻ እየደጋገመ ይጫወታል። ቤቱ ፕሌይስቴሽን ያለው ልጅ ማታ ማታ ተለማምዶ ይመጣና ገንዘቡን ይለቅመዋል። ቲዩተር ያለውና የሌለው ተማሪ ልዩነት ቁርጥ ይኼው ነው። በዚያ ላይ ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ቤተሰብ ከከተማዋ ዳር ዳር ተበትኗል፤ ልጆቹ አብረው ያደጉበት ደጅ፣ የኳሱም የጌሙም ቦታ አብሮ ሄዷል። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ያምራል፤ ልጅ ተሳስቶ የሚማርበት ጥግ ግን ከበፊቱም ጠቧል።

ሱስ የለም እያልኩ እንዳይመስላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን በበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል፤ ዝርዝሩ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። ግን ምን እንደሚል አንብቡት። ሰውየው ጨዋታውን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ከሌላው ሕይወቱ ሁሉ ሲያስቀድመው፣ ጉዳቱን እያየ ሲቀጥል፣ ይኼም አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ለ12 ወር ሲቆይ ነው የሚለው። ቅዳሜ ከሰዓት ጌም ቤት የገባን ልጅ ሁሉ አይደለም። እንቅልፍ የሚያጣ፣ ከቤት ብር የሚያነሳ፣ ትምህርት የተወ ልጅ ካላችሁ ቁም ነገር ነው፣ እርዱት። ሌላውን ግን ስሙን አታጥፉት።

ስለዚህ የምለው ሦስት ነገር ነው።

ጌም ቤት ያላችሁ ወንድሞች፦ ጠዋት ጠዋት ቤቱ ባዶ ነው። ቅዳሜና እሁድ ከወረፋው በፊት ያለችውን አንድ ሰዓት በቅናሽ የልምምድ ሰዓት አድርጓት። ዩኒፎርም ለብሶ በትምህርት ሰዓት የመጣውን ደግሞ መልሱት፤ ያኔ ስማችሁም ይከበራል፣ ደንበኛችሁም ይበዛል።

አስተማሪ ባልደረቦቼ፦ የፈተና ወረቀት በሳምንቱ ይመለስ። ለሁሉም ጥያቄ ማስታወሻ መጻፍ አንችልም፤ ግን የሳተባትን የመጀመሪያዋን መስመር ማክበብ እንችላለን። አንዷን ጥያቄ አርሞ መልሶ ላመጣ ልጅ ማርክ እንስጠው። ሁለተኛ ሙከራ ውለታ ተደርጎ አይታይ፤ የትምህርቱ አካል ነው።

ወላጆች፦ ልጃችሁ ከጌም ቤት ሲመጣ «የት ነበርክ?» ማለታችሁ ተገቢ ነው። ከሱ ቀጥሎ ግን አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ «ዛሬ ምን አልሆን አለህ? የት ላይ ተበጠሰብህ?» በሉት። መልስ ካለው ልጃችሁ መማር ይችላል። በሚቀጥለው ቀን የሒሳብ ደብተሩን ግለጡና ያንኑ ጥያቄ ጠይቁት። መልስ ካጣ ችግሩ ጌሙ አይደለም፤ ሒሳቡን እንደዚያ አድርጎ ያሳየው ሰው ስለሌለ ነው።

የማትስማሙ ኮሜንት ላይ ነኝ፤ ስድብ ትታችሁ የት ላይ እንደተሳሳትኩ መስመሩን ጠቅሳችሁ ንገሩኝ። የድሮ ተማሪዎቼ ደግሞ፣ ኤሌክትሪክ ከሁለቱም ጎን በተከታታይ አሥር ጊዜ የሚያወጣ ካለ ቪዲዮ ይላክልኝ። ማኪያቶ በኔ።